ጥንቸል አርቢዎቹ የበሉት ሳምቡሳ

«ዛሬ ከአስር ሶላት በኋላ ቁልፉን ያስረክብና በሰላም ይሂድ። ማንበብ የማይችል ሹፌር ይዤ ነው ለካ ስዞር የከረምኩት!»

ሐምዳን ሰኞ በማለዳ ይህን ያለው ለሚስቱ ለሲቲ ነው፤ ወጥ ቤት ቆሞ ሻዩን ፉት እያለ። ልጃቸው ዩስራ አንድ እግር ጫማዋን አድርጋ ሌላውን በእጇ እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ሲቲ ዞር ብላ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። በዚያ ቤት ሲቲ ዝም ካለች ነገሩ አላማራትም ማለት ነው፤ ሐምዳንም ይህን ስለሚያውቅ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ዩስራ አጠገብ ሲደርስ «ጫማሽን አድርጊ፣ ብርድ ነው» ብሏት አለፈ። እሷም «እሺ አባዬ» አለች እንጂ ሌላ ቃል አልወጣትም። ሊወጣት የሚገባ ቃል ግን ነበር። ሹፌሩን ለዚህ ያበቃው የእሷ ምስክርነት ነዋ!

ጉዱ የፈላው ቅዳሜ ነው። የዚንድሊንገኑ ሐጂ ሙሐመድጣሂር ሴት ልጃቸውን ሲድሩ የሳምቡሳውን ሥራ ለሐምዳን ሰጡት። ሐምዳን እዚህ ጀርመን፣ ጊንሃይም በሚባል ሰፈር፣ ከረጅሙ የቴሌ ማማ ሥር ካሉት ፎቆች በአንዱ ምድር ቤት ምግብ እያዘጋጀ ለሠርግ፣ ለሰደቃ፣ ለልደት የሚያቀርብ ሰው ነው። ሠርጉ ሊሆን የታሰበው እዚያው ጊንሃይም ካለ አዳራሽ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግን የአዳራሹ ኃላፊ አንዱን ቀን ለሁለት ማከራየቱ ታወቀና ሐጂ በንዴት ወደ ሰፈራቸው ወደ ዚንድሊንገን አዳራሽ ቀየሩት። ስልኩን ያነሳችው ዩስራ ነች። የደንበኞቹን አድራሻ የሚያትመውን ፕሮግራም የጻፈችውም እሷው ስለሆነች ወዲያው ከፍታ አስተካከለች፣ አተመች፣ እናቷ ካርቶኖቹ ላይ ለጠፈች፣ ሹፌሩ ኡወይስ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ጭኖ ሄደ። የት? ወደ ድሮው አዳራሽ! እዚያ የነበሩት ደግሞ የአካባቢው ጥንቸል አርቢዎች ማኅበር አባላት ናቸው። ጡረታ የወጡ ደጋግ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ማኅበሩ የጋበዛቸው መስሏቸው ያን ሁሉ ሳምቡሳ ከነቃሪያው አጣጥመው በሉት። ዚንድሊንገን ላይ ሙሽሮቹና እንግዶቹ ቴምርና ውሃ ይዘው ተፋጠጡ። ሐምዳን አዲስ ሱፉን እንደለበሰ በሰው ሁሉ ፊት ቆሞ «ጥፋቱ የሹፌሩ ነው፣ ፊደል አይለይም!» ብሎ ጮኸ። ካርቶኖቹን ጥንቸል አርቢዎቹ ከነወረቀታቸው ጥለዋቸዋል፤ ማስረጃ የለም።

ሐምዳን ያን ዕለት ለዩስራ ደውሎ «አድራሻውን ቀይረሻል አልቀየርሽም?» ብሎ አፋጦ ነበር የጠየቃት። ፕሮግራሙ ያለበትን ፍላሽ፣ ስቲኳን፣ ከፍታ አየች። ዚንድሊንገን ይላል፣ በራሷ እጅ የተጻፈ። «ቀይሬያለሁ! ኡወይስ ተሳስቶ ይሆናል» አለች። ውሸት አልተናገረችም። እሑድም ገጹን ወደ ላፕቶፗ ገልብጣ አተመችው፤ ዚንድሊንገን ብሎ ቁልጭ አለ። ታዲያ ለምን ነው ከቅዳሜ ጀምሮ እህል የማይረጋላት? ኡወይስን ስለምታውቀው ነው። ከወሎ መጥቶ በሦስት ዓመቱ፣ በእረፍት ሰዓቱ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የጀርመን ጋዜጣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብ፣ ያልገባው ቃል ሲያጋጥመው መስኮት አውርዶ የሚጠይቃት ልጅ ነው። ረቡዕ ደግሞ የውጭ አገር ሰዎች ቢሮ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ አለው። ሥራ አለኝ ካላለ የመኖሪያ ፈቃዱ አይታደስለትም። ይህን ከሐምዳን ጀምሮ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ ግን ማንም አላነሳውም።

ምድር ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ትልቁ ወጥ ቤት፤ ትንሹ ሐምዳን ቢሮ እያለ የሚጠራው፣ የሽንኩርት ከረጢትና የዘይት ጀሪካን እንግዳ ሳያስገባ የሞላው ክፍል። ጥጉ ላይ አሮጌ ኮምፒውተርና ማተሚያ አለ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ እንደ ባለቤቱ በሐበሻ የሚቆጥር ሰዓት። ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት የለውም። «ኢንተርኔት ሲገባ ቫይረስ ይገባል፣ ቫይረስ ሲገባ የእኔ ገመና ይወጣል» ብሎ ሐምዳን ከልክሏል። ስለዚህ ዩስራ ፕሮግራሙን በትንሽ ስቲክ ይዛ ነው የምትመላለሰው። ፕሮግራሙን የጻፈችበትን ቋንቋ ኮሌጅ ነው የተማረችው። ማሽኑ ቋንቋውን በቀጥታ አይሰማም፤ መሃል ሆኖ እየተረጎመ የሚነግረው ኢንተርፕሪተር የሚባል ሌላ ፕሮግራም አለ። ይህን ለእናቷ ያስረዳች ዕለት ሲቲ «ዶልሜቸር በይኛ!» አለቻት፤ በየቢሮው ለስደተኛው የሚያስተረጉመውን ሰው ጀርመኖች እንደዚያ ነው የሚሉት። ከዚያ ወዲህ ኢንተርፕሪተሩ በቤቱ «ዶልሜቸሩ» ተብሎ ቀረ።

በዚያው ሰኞ ጠዋት ሲቲ ምድር ቤት ገብታ ማንንም ሳታስፈቅድ የሐጂን ሳምቡሳ እንደ አዲስ መጠቅለል ጀምራለች። «ሰው ሠርጉን ጦሙን አድሮ እኛ እንዴት እንተኛ? ዛሬ ይላክላቸው» አለች። ዩስራ ስቲኳን ሰክታ የሐጂን አድራሻ አዘዘች። ማተሚያው አጓርቶ ወረቀቱን ተፋ። ጊንሃይም። የድሮው አዳራሽ። የጥንቸል አርቢዎቹ!

ገጹን ከፈተች፤ ዚንድሊንገን ይላል። አተመች፤ ጊንሃይም። የጻፈችውን ገጽ ከስቲኩ ገልብጣ ኮምፒውተሩ የራሱ ዲስክ ላይ አድርጋ አተመች፤ ዚንድሊንገን! ወደ ስቲኩ ተመለሰች፤ ጊንሃይም። አንድ ጽሑፍ፣ አንድ ማሽን፣ አንድ ዶልሜቸር፤ ዕቃው ላይ ሲቀመጥ አንድ ነገር፣ ሌላ ዕቃ ላይ ሲቀመጥ ሌላ ነገር። ወይ ጉድ! ወረቀቶቹን ይዛ ወደ አባቷ ሮጠች። ሐምዳን ሽንኩርት ከሚያራግፈው ሰው ጋር በዋጋ እየተጨቃጨቀ ነበር፤ ካለፈው ሳምንት ሁለት ዩሮ ጨምሮበታል። ወረቀቶቹን ከመነጽሩ በላይ አያቸው።

«ኡወይስ አልተሳሳተም አባዬ። ማሽኑ ነው ያሳሳተው።»

«ቅዳሜ ልክ ነው አልሽ፤ ዛሬ ተሳስቷል ትያለሽ። ዩስራ፣ አንቺ የጻፍሽው ነገር ያልሽውን ነው የሚለው። አዝነሽለታል፣ ይገባኛል፤ እኔም አንጀቴ ድንጋይ አይደለም። ግን ራስሽ አብልተሽ ያሳደግሽውን ምስክር አታምጪብኝ።»

«አላዘንኩለትም! ማለቴ... አዝኛለሁ፣ ግን እውነቴን ነው።»

«እንግዲያው ምክንያቱን አምጪ» አለና ወደ ሽንኩርቱ ዞረ።

ስቲኩ ነው የተበላሸው፣ ሌላ ምን ይሆናል ብላ ወደ ሱቆቹ ጎዳና ወደ ላይፕትሲገር ሽትራሰ በረረች። ኮሌጅ የገባ ሰው መቼም ዕቃ መግዛት መፍትሔ ይመስለዋል። ሻጩ ስምንት ዩሮ አስከፍሎ «ይሄ ዕድሜ ልክ ያገለግላል» አላት፤ የቀድሞውንም የሸጠላት እሱ ነው፣ ያኔም ያለው ይህንኑ ነው። ተመልሳ ፎልደሩን እንዳለ ጎትታ አዲሱ ስቲክ ላይ ጣለችውና አተመች። ጊንሃይም። አልሸሹም ዞር አሉ! የእናቷን የፎቶ ማንሻ ካርድ አወጣች፣ እሱም ላይ ፎልደሩን ጫነች። ጊንሃይም። ሦስት ዕቃ አንድ ላይ ሊበላሽ አይችልም። ወንበሩ ላይ ተዘርግታ ጣሪያውን ስታይ ሲቲ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ገባች። ከሲቲ ጋር መፈራራት የለም፤ ዩስራ የፈለገችውን ትነግራታለች።

«ዛሬም አስቸገረሽ ዶልሜቸርሽ?»

«የተጻፈውን አይልም እማዬ። ቀይሬለት የድሮውን ይላል።»

«የእኔም እንደዚያው ነበር። ጥገኝነት ስጠይቅ፣ መጀመሪያ ቀን ያልኩትን በወረቀት ይዞ መጥቶ፣ በሁለተኛው ቀን ‹ኧረ ተሳስቼ ነው፣ አጎቴ እንጂ ወንድሜ አይደለም› እያልኩት ያንኑ ወረቀቱን ያነብልኛል። ሰነፍ! ምን አለበት ብዙ ከመድከም ብሎ ነው። እስካሁን ፋይሌ ላይ የሌለ ወንድም አለኝ።» ስቃ ወደ መጥበሻዋ ተመለሰች።

«ያንኑ ወረቀቱን ያነብልኛል» የሚለው ዩስራ ጆሮ ላይ ቀረ። ቀስ ብላ ፎልደሩን ከፈተችው። ከእሷ ገጽ ጎን እሷ ያልጻፈችው አንድ ፋይል ተቀምጧል። ታውቀዋለች፤ ዶልሜቸሩ ሥራ እንዳይደጋገምበት አንዴ የተረጎመውን እዚያው አጠገቡ ያስቀምጣል። በሌላ ጊዜ ሲጠሩት የሁለቱን ሰዓት ያያል፤ ዋናው ጽሑፍ ከትርጉሙ በኋላ የተነካ ከሆነ እንደገና ይተረጉማል፣ ካልሆነ ያችኑ የቀድሞ ትርጉም አንብቦ ይገላገላል። ወደ ዲስክ የገለበጠችው የራሷን ገጽ ብቻ ነው፤ እዚያ የቀድሞ ትርጉም ስለሌለ ሳይወድ በግዱ አዲስ ይተረጉማል። ወደ ስቲኮቹና ወደ ካርዱ ግን ፎልደሩን ከነአሮጌ ትርጉሙ ነው ስትጎትተው የዋለችው። ስምንት ዩሮዋ በነፋስ ሄደ። የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ አድራሻውን የቀየረችው ከትርጉሙ በኋላ ሆኖ ሳለ ሰነፉ ለምን እንደገና አልተረጎመም?

ሰዓቶቹን አየች። ትርጉሙ ቅዳሜ ዘጠኝ ተኩል ይላል። ልክ ነው፤ ቅዳሜ ከቤት ሳትወጣ ላፕቶፗ ላይ ከስቲኩ አስነስታው ነበር፣ ዘጠኝ ተኩል ገደማ። ገጹ የተነካው ቅዳሜ አራት ከአሥር ይላል። ይህም ልክ ነው፤ እዚህ ምድር ቤት መጥታ ሐጂ የደወሉት አራት ሰዓት ላይ ነው። እንደገና አየችው፤ እንደገናም ልክ ሆነባት። እንቆቅልሹ እዚያው ቆሞ ቀረ።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለች ሲቲ ከወጥ ቤት።

ዩስራ የኮምፒውተሩን ጥግ አይታ «ስድስት ከሩብ» አለች፤ ከአፏ ሳይወጣ እጇ ውስጥ ያለው ስልክ ላይ ዐይኗ አረፈ። አሥራ ሁለት ከሩብ። ሁለቱም ልክ ነው እኮ! ዕድሜዋን ሙሉ በሁለት ሰዓት ስትቆጥር ኖራ፣ ከቤት ሐበሻ ከትምህርት ቤት ጀርመን፣ ጭንቅላቷ ሳይጠይቃት ራሱ ነበር የሚመነዝረው። የጀርመን ኮምፒውተር በቀትር ስድስት ሰዓት ማለቱ አንድም ቀን አስገርሟት አያውቅም። የቅዳሜው ዘጠኝ ተኩል የላፕቶፗ የጀርመን ሰዓት ነው፤ አራት ከአሥሩ የአባቷ የሐበሻ ሰዓት። ለሰው አራት ሰዓት ከዘጠኝ ተኩል ቀጥሎ የመጣ ነው። ለምስኪኑ ዶልሜቸር ግን አራት ከዘጠኝ ይቀድማል፣ አለቀ! ማረሚያው ከትርጉሙ በፊት የተጻፈ መስሎት ወደ ጎን ተወው። ዩስራ ብቻዋን ከሽንኩርቱ መሃል ሆና እስኪያማት ሳቀች፤ ሳቋ ሲያልቅ ግን ደነገጠች። ያን ሰዓት ስታየው የኖረችው እሷ ነቻ።

ሐምዳንን እጁን ይዛ አስገባችው። «የኮምፒውተሩን ሰዓት በሐበሻ የሞላኸው አንተ ነህ?»

«የተገዛ ዕለት። ምነው? ሰዓቱ ትክክል ነው። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሆን ሰባት የሚሉት እነሱ ይጠየቁበት እንጂ!»

አልተከራከረችውም። አሮጌውን ትርጉም አጥፍታ፣ ሰዓቱን ወደ ጀርመን አዙራ ፕሮግራሙን አስነሳችው፣ ቀጥላ የእሱን ሰዓት መለሰችለትና በአድራሻው ቦታ ስሙን ጻፈች። «አትም በለው» አለችው። ሐምዳን በአንድ ጣቱ ተጫነ። ስሙ አልወጣም፣ ዚንድሊንገን ወጣ። ሰዓቱን ወደ ጀርመን አዞረች፣ ያንኑ ስም እንደገና አስቀመጠች። «አሁን።» ተጫነ። ሐምዳን ብሎ ወጣ። ራሱ መላልሶ ሞከረው፤ ምስክሩን ማንም እንዳላበላው ሲያምን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውለው ጀመር።

«ሰው ፊት ነው የተናገርኩት» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። ፊቱ እንደ ታመመ ሰው ሆኖ ነበር፤ ዩስራ አሳዘናት።

ኡወይስ ከአስር ሶላት በኋላ በተባለው ሰዓት መጣ። መኪናዋን አጥቧታል፣ ወንበሩን ሳይቀር ጠርጓል። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ጋሽ ሐምዳን፣ ነዳጅም አላት» አለ። ሐምዳን ቁልፉን ወደሱ መልሶ ገፋው። «ያዘው። የሰዓት ጥፋት ነው፤ ሰዓቱ ነው ሁላችንንም ያሳሳተን። አሁን ዚንድሊንገን ታደርሰናለህ፤ ረቡዕም ቴርሚንህ ላይ አብሬህ እገባለሁ» አለውና ሱፉን ሊለብስ ወጣ። ሰዓቱ ነው! ሐምዳን ይቅርታ ሲጠይቅ እንኳ ጥፋቱን በሰው ላይ አያሳድርም፤ በተለይ በራሱ ላይ።

ዩስራና ኡወይስ ትኩሱን ሳምቡሳ መኪናው ላይ ይጭኑ ጀመር። «አፉ በለኝ ኡወይስ» አለችው፣ ካርቶን እንደታቀፈች። «ተሳስቶ ይሆናል ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ። ካርቶኑን ተቀብሏት አስተካክሎ ደረደረው። «ግን ደውዬልሽ ነበር እኮ።»

«መቼ?»

«ቅዳሜ፣ አዳራሹ በር ላይ ሆኜ። ሽማግሌዎቹ ጥንቸል በሳጥን ይዘው ሲገቡ አይቼ ‹ዩስራ፣ እዚህ ሙሽራ የለም፣ ጥንቸል ነው ያለው› አልኩሽ። ‹አትቀልድ፣ ወረቀቱ ያለህ ቦታ አድርስ፣ ማሽን አይሳሳትም› ብለሽ ዘጋሽው።»

ትዝ አላት። ፀጉሯን እየተኮሰች ነበር፣ ጓደኞቿ ክፍሉን ሞልተው ይስቃሉ፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል አጣብቃዋለች። ጥንቸል ሲላት እውነትም ቀልድ መስሏት እንደ ቀልድ ሰምታ እንደ ቀልድ ረስታው ነበር። ጆሮዋ ድረስ ጋለች። «ታዲያ ለምን ለአባዬ አልነገርከውም?»

«ሠርግ ቤት ሰው ፊት ቆመው ሲጮኹ ልጅዎ ነች ልበላቸው? በየሄዱበት እየኮሩ የሚያወሩት ስለ አንቺ ነው። እኔ ሌላ መኪና አላጣም ብዬ ነዋ።» እስከ ረቡዕ ሌላ መኪና እንደማይገኝ ሁለቱም ያውቁት ነበር።

እስከ ዚንድሊንገን ዩስራ በሁለቱ መሃል ተቀምጣ አንዱን ካርቶን ጭኗ ላይ ይዛለች። ሐምዳን ለሐጂ የሚለውን ይለማመዳል፤ ኡወይስ መንገዱን ያያል። የኬሚካል ፋብሪካው ጭስ ማውጫዎች ሲታዩ ሐምዳን ክራባቱን አጠበቀ። የሐጂ ሳሎን ቅዳሜ ዕለት ሠርጉ ላይ የነበሩትን ሽማግሌዎች እንዳሉ ሰብስቦ ጠበቃቸው፤ ሐጂ ሆን ብለው ጠርተዋቸዋል። ኡወይስ ካርቶኖቹን አስገብቶ እንደ ሹፌር በሩ አጠገብ ቆመ። ሐምዳን የሰዓቱን ታሪክ ከጥንቸሎቹ ጋር አዋህዶ ሲያወራ ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው «የእኔም በሐበሻ ነው፣ ወላሂ!» አሉ። ሐጂ እንባቸውን እየጠረጉ «በቃ፣ ሰዓትን ማን ይከሳል! አልፏል» አሉ። ሁሉም ነገር አማረ፤ ማንም ሳይጠየቅ ጥፋቱ እንደ ሰዓት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሊቀር ነው።

«ሐጂ፣ ሰዓቱ ብቻ አይደለም» አለች ዩስራ። «ኡወይስ ደውሎልኝ ነበር። ቦታው ይሄ አይደለም አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ዘጋሁበት። ከዚያ ለአባቴ እሱ ነው የተሳሳተው አልኩ። እሱ ደግሞ እኔን ላለማሳጣት ዝም አለ።»

ሳቁ ቆመ። ሐምዳን ልጁን አያት፤ እሷ ግን አላየችውም። የሐጂ ሚስት ሳምቡሳውን በትልቅ ሳህን አድርገው እንድታዞር ሲሰጧት ተቀብላ፣ ሐጂን አለፈች፣ ሽማግሌዎቹን አለፈች፣ አባቷን አለፈች፣ በሩ አጠገብ ሄዳ ለኡወይስ ዘረጋችለት። በዚያ ሳሎን ከታላቅ ሳይጀመር ሳህን ዞሮ አያውቅም። ኡወይስ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በድንጋጤ ሐጂን ተመለከተ።

«አንሳ እንጂ ልጄ!» አሉ ሐጂ። «ከቅዳሜ ጀምሮ የራበን ሰዎች ትንሽ ብንጨምር አንሞትም።»

ሐምዳን ሶፋው ላይ ጠጋ ብሎ አጠገቡ ቦታ አስለቀቀና በእጁ መታ መታ አደረገው።

«ና፣ ኡወይስ» አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አፉ በለኝ። ቁጭ ብለህ ብላ።»